ቤት በእርጅና ዘመን ስለ መሥራት

በቋንቋችን «ጡረታ» የሚለው ቃል «መጦር» ከሚለው ጋራ አንድ ሥር አለው። መጦር ማለት የደከመውን ማብላት፣ ማልበስና መደገፍ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሰው ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ማለታቸውም ሰው በስተርጅናው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እነዚህ ሁለቱ መሆናቸውን ስለ ተረዱ ነው። ኋላ ግን መንግሥት አገልጋዮቹን በሕግ የሚጦር ሆነና ቃሉ ከቤተ ሰብ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት ገባ። ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው «ጡረታ ወጣ» ይባላል፤ ወር በገባ ቍጥርም የድካሙን ዋጋ ይቀበላል። ይህ መልካም ነገር ነውና ማንም አይነቅፈውም።

ዳሩ ግን ገንዘቡ ለሰውየው ምግቡን ይሰጠዋል እንጂ ሥራውን አይመልስለትም። ዓይኑ ገና የሚያይ፣ ጕልበቱ ገና የሚታጠፍና የሚዘረጋ ሰው ከእንግዲህ ወዲያ ጧት ተነሥቶ ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ የሽማግሌዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወጣት ሆይ፣ አንተም ዕድሜ ከሰጠህ ከዚያች ቀን ትደርሳለህ፤ ያን ቀን የምትይዘውም ነገር ዛሬ ያዘጋጀኸውን ነው። እኔ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት በእንጨትና በጭቃ መካከል ስለ ሆነ፣ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ያየሁትን እንደሚከተለው እጽፋለሁ።

በደሴ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት 38 ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የገባውን ደብዳቤ መመዝገብ፣ የወጣውን መመዝገብ፣ የጠፋውን መፈለግ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕድሜዬ 60 ሞላና ተሰናበትሁ። ባለቤቴ ከዚያ በፊት ዐርፋ ስለ ነበር ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ወንዱ ልጄ ከአዲስ አበባ፣ ሴቲቱም ከባሕር ማዶ «አባባ፣ እኛ ዘንድ ይምጡ» ይሉኝ ነበር። ከእኔ ቀድመው ጡረታ የወጡ ባልንጀሮቼ ደግሞ ፒያሳ ከአንዲት ቡና ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ያለፈውን ዘመን ሲያወሱ ይውላሉና «ና፣ ወንበርህ ተዘጋጅቷል» አሉኝ። ሁለቱም ግብዣ ከፍቅር የመጣ ነበር። እኔ ግን ሦስተኛውን መረጥሁ፤ እርሱም የታላቅ እኅቴ ግብዣ ነው።

አባቴ የኖረበት ግቢ ከኮምቦልቻ ከፍ ብሎ በየጎፍ ተራራ ግርጌ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ይዞታው በእኅቴ ስም ነው፤ እርስዋም ያን መሬት ስታርስና ስታሳርስ፣ ልጆች ስታሳድግበት ኖራለች። የመሰናበቻዬን ወሬ በሰማች ጊዜ «ወንድም ዓለም፣ ግቢው ለሁላችን ይበቃል፤ አንዲት ጎጆ ቀልስና አብረን እናርጅ» ስትል ላከችብኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «እታለም፣ እሺ፤ ግን ጎጆዋን ራሴ እሠራታለሁ» ብዬ መለስሁላት። በዕድሜዬ ሙሉ ከብዕርና ከማኅተም በቀር ሌላ መሣሪያ ያልያዘ እጅ ቤት ለመሥራት ይችል እንደ ሆነ ለማወቅ ብርቱ ፍላጎት አድሮብኝ ነበር።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ከዚያ መንገዱ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ከኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ኮምቦልቻ ከፍታዋ ከ1,900 ሜትር ያነሰ ነውና ወይና ደጋ ናት። ጧት በደሴ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ከኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በክንዱ ይይዛል። ከኮምቦልቻ አጠገብ ቀና ብሎ የሚታየው የጎፍ ተራራ የጥድና የወይራ ደን ያለበት ሲሆን፣ ደኑ የመንግሥት ጥብቅ ነው። የአባቴ ግቢ ከደኑ በታች፣ ከማሽላው ማሳ በላይ ይገኛል።

በሰፈራችን ዕድሜያቸው ሰባውን ያለፈ አንድ አናጢና መራጊ ነበሩ። ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን በዚያ ቀበሌ ካሉት ቤቶች እኩሌታው የእርሳቸው እጅ ያረፈበት ነው። ሄጄ «አያ፣ ደቀ መዝሙርዎ ልሆን መጣሁ፤ ቤት መሥራት ያስተምሩኝ» አልኋቸው። ሣቁና «አንቱ የመዝገብ ቤት ሰው! እንግዲያው መጀመሪያ ይህን ክረምት ቁጭ ብለው ውሃ ይመዝግቡ» አሉኝ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ትልቅ ትምህርት ነበር። ደሴና አካባቢዋ ገደላማ እንደ መሆኗ መጠን በክረምት መሬት የሚንሸራተትባት አገር ናት፤ ቤት ከነግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ መንገድም ሲቈረጥ ታይቷል። ስለዚህ በወሎ ደጋና ተዳፋት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የውሃውን መንገድ ነው።

ሐምሌንና ነሐሴን ዣንጥላ ይዤ ግቢውን ስዞር ከረምሁ። ጐርፉ በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ፣ የትኛው ሥፍራ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሳይደርቅ እንደሚቈይ በደብተር አሰፈርሁ። አያም በሌላ ነገር አመለከቱኝ። «የዛፉን ግንድ ይመልከቱ» አሉኝ። «ሥሩ ላይ እንደ ማጭድ የጐበጠ ዛፍ ካዩ መሬቱ ቀስ እያለ ይሄዳል ማለት ነው፤ ዛፉ ወደ ሰማይ ሊቃና ሲታገል ነው የሚጐብጠው። ቀጥ ብሎ የቆመ አሮጌ ዛፍ ካለበት ግን መሬቱ የታመነ ነው።» በዚህ ምልክት ተመርተን ከአንድ ትልቅ ወይራ አጠገብ፣ ከጐርፉ መንገድ ራቅ ያለ ሥፍራ መረጥን። ወጣት ሆይ፣ በሕይወትህም ጎጆህን ከመቀለስህ በፊት በዚያ ሥፍራ ከአንተ በፊት የቆሙትን ተመልከት። ቀጥ ብለው ከሆነ አንተም ትቆማለህ፤ ከጐበጡ ግን ምክንያቱን ጠይቅ።

ከመሬቱ ቀጥሎ የእንጨቱ ነገር መጣ። በኮምቦልቻ ቈላማ ወገን የቤት ጠላት ምስጥ ነው። ጥድ ግን ምስጥ አይደፍረውምና ለቋሚ የሚመኙት እርሱን ነው። አንድ ቀን ማታ አንድ ጐረምሳ ወደ እኔ ቀርቦ፣ ዋጋውን ብከፍለው ከጎፍ ደን ሃያ የጥድ ቋሚ በሌሊት አውርዶ እንደሚያስረክበኝ ነገረኝ። ቤቱን ለልጅ ልጅ የሚቈይ ያደርገው ነበር። «ልጄ፣ ሌሊት የሚገባ እንጨት ቀን አያስተኛም» ብዬ ሰደድሁት። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የጎፍ ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ እኔ ሃያውን ብወስድ ጎረቤቴም ሃያ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ተራራው ራቁቱን ይቀራል፤ ራቁቱን የቀረ ተራራ ደግሞ ውሃውን ስለማይዝ ክረምት በመጣ ጊዜ የሚወርደው በእኛው ቤት ላይ ነው። ቤቱን ለማጽናት ደኑን የሚያፈርስ ሰው ምሰሶውን ነቅሎ ማገር እንደሚያደርግ ሰው ይቈጠራል።

እንግዲህ እንጨቱ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልናገር ይገባኛል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ላይ የወረደውን ረኃብ ታሪክ ያውቀዋል። እኔ ያን ጊዜ የ15ና የ16 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በዚህ አውራ ጐዳና ላይ ሰው ወድቆ አይቻለሁ። ረኃቡ ካለፈ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ክረምት፣ አባቴ በግቢው ዳርቻ የባሕር ዛፍ ችግኝ መትከል ጀመረ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ዐዋጅ ወጥቶ ነበርና ጎረቤት ሁሉ «መሬቱ ያንተ ባልሆነበት ዓመት ዛፍ ትተክላለህን?» እያለ ሣቀበት። እርሱም «መሬቱ የማን እንደሆነ ዐዋጁ ይናገር፤ ጥላው ግን ለሚያርፍበት ነው» ብሎ መለሰ። እኔም ጕድጓድ በመቈፈር ረዳሁት። የሣቁበት ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ዛፎቹ ግን አሉ።

ባሕር ዛፍ ቢቈረጥም ከጕቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። አባቴ ከሞተ በኋላ እኅቴ ሁለት ጊዜ ያህል ቈርጣ ሸጣ ልጆቿን አስተምራበታለች፤ እኔ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የቈረጥሁት እንግዲህ የአባቴ ዛፍ የልጅ ልጅ ነው ለማለት ይቻላል። እንጨቱ እንደ ተቈረጠ ወዲያው ልጡ ተላጠ፤ ልጡ ካልተላጠ ነቀዝ ይገባበታልና። ከዚያም በጥላ ሥር ተረብርቦ አንድ ዓመት ሙሉ ደረቀ። ከመሬት ውስጥ የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለበለብነው፤ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም ቀባነው። ይህ ሁሉ ምስጥን ለማዘግየት ነው እንጂ ለዘለዓለም ለመከልከል አይደለም። ጥድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ነበር። ነገር ግን በድካም የሚገኝ ብርታት በስርቆት ከሚገኝ ብርታት ይሻላል።

ቤቷ ርዝመቷ አምስት ሜትር፣ ወርዷ አራት ሜትር፣ አንድ በርና ሁለት መስኮት ያላት ናት። በ2011 ዓ.ም. በጋ የመሠረቱን ድንጋይ ለቀምሁ፤ በጥር 2012 ዓ.ም. ቋሚዎቹ ቆሙ። ቱምቢ እንዴት እንደሚንጠለጠል፣ ማገር በስንት ጣት ርቀት እንደሚመታ፣ ወራጅ ከምሰሶ ጋራ እንዴት እንደሚገጥም ከአያ ተማርሁ። እጄ ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያም ፈነዳ፤ ከዚያም ጠነከረ። 38 ዓመት ወንበር ላይ የኖረ ወገቤ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት አላስተኛኝም። አያ ይህን አውቀው ጧት በመጡ ቍጥር «አብሽር! አጥንት የሚያረጀው ሲቀመጥ ነው» ይሉኝ ነበር። በሦስተኛው ወር እንቅልፌ እንደ ልጅነቴ ሆነ።

የመዝገብ ቤት ሰው ልማዱን አይተውምና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ መዝገብ ከፍቼ ነበር። በአንደኛው ዓምድ ቀኑን፣ በሁለተኛው ሥራውን፣ በሦስተኛው የሠራውን ሰው ስም እጽፍ ነበር። ሐሳቤ የልጅ ልጆቼ «አያታችን ይህችን ቤት በገዛ እጁ ሠራት» ብለው እንዲያነቡ ነው። ቋሚ በሚቆምበት ቀን የቅሬው ሰዎች ሳይጠሩ መጡ። ቅሬ በወሎ ሰው ሲሞት ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚቋቋም ማኅበር ነው፤ በሌላው አገር እድር የሚሉት ነው። ቅሬው ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ለቆመ ሰውም ይደርሳል። ክርስቲያኑም እስላሙም ዶማውንና አካፋውን ይዞ መጣ፤ ሴቶቹ ቡናና ንፍሮ ይዘው መጡ። እኔም ስማቸውን እያንዳንዱን ጻፍሁ።

በኋላ መዝገቡን ስደምረው የእኔ የሥራ ቀን 164 ሆነ፤ የሌሎቹ ሲደመር 231 ሆነ፤ የሠሩት ሰዎች 47 ነበሩ። ቍጥሩን እንዳለ ተውሁት፤ በልብሱ ላይም «ይህች ቤት በአርባ ሰባት ሰዎች እጅ ተሠራች፤ ከእነርሱም አንዱ አያታችሁ ነው» ብዬ ጻፍሁበት። ሂሳብ ውሸት አይወድምና።

ይህን የመሰለ ነገር በሩቅ አገርም ሆኗል። በአሜሪካ አገር ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የሚባል ጸሐፊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. ዋልደን በሚባል ኩሬ አጠገብ በጫካ ውስጥ ወርዷ ሦስት፣ ርዝመቷ አራት ሜትር ተኩል ያህል የሆነች ጎጆ ሠርቶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ኖረባት። ለቤቷ ያወጣው ገንዘብ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል መሆኑን እንደ እኔው በዝርዝር መዝግቦ በመጽሐፉ አትሞታል። ስለ ብቻውን መኖር ሲነገር ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው እርሱን ነው። ነገር ግን መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን ነበር፤ የመጀመሪያውን ዛፍ የቈረጠበትም መጥረቢያ የተዋሰው ነው፤ ቋሚና ወራጁን በሚያነሣበት ቀንም ወዳጆቹ ረድተውታል።

ደግሞ በ1968 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ ሪቻርድ ፕሮኔኬ የሚባል መካኒክ ሥራውን ትቶ በ52 ዓመቱ ወደ አላስካ ሄደ። አላስካ ከአሜሪካ ሰሜን ጫፍ ያለ፣ ክረምቱ በበረዶ የሚታሰር የደን አገር ነው። በዚያም ከሐይቅ ዳር ግንድ በግንድ ላይ እያጋደመ ቤት ሠራ። የበሩን ማጠፊያና መቈለፊያ እንኳ ከእንጨት ጠርቦ ነው ያወጣው። 30 ዓመት ያህል ኖረባት፤ ዛሬም ቤቲቱ በዚያ አገር ብሔራዊ ፓርክ ተጠብቃ ትገኛለች። ይህ ሰው በእውነት ብርቱ ነበር። ሆኖም ቤቱን እስኪጨርስ ድረስ ያደረው ወዳጁ ባዋሰው ጎጆ ነው፤ ስንቁንና ደብዳቤውንም አንድ ወዳጁ የሆነ አብራሪ በትንሽ አውሮፕላን ያመላልስለት ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? በገዛ እጅ መሥራትና ብቻን መሥራት አንድ አይደሉም። እጅህ ካልሠራ የሌላው እርዳታ ምጽዋት ይሆናል፤ እጅህ ሲሠራ ግን የሌላው እርዳታ ወዳጅነት ይሆናል። ቅሬው እኔ ተቀምጬ ቢያገኘኝ ኖሮ ይሠራልኝ ነበር፤ ቆሜ ስላገኘኝ ግን አብሮኝ ሠራ።

ጣሪያው በቆርቆሮ እንደ ተከደነ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገባና ሰው መሰብሰቡን ተወ። ሥራው ቆመ። በጥር 2013 ዓ.ም. ወደ ምርጊቱ ተመለስን። ስለ ጭቃ ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ጭቃ በተነከረበት ቀን አይመረግም። ቀይ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋራ ተደባልቆ ውሃ ይጠጣል፤ ይረገጣል፤ ይገለበጣል፤ ከዚያ ቀናት አድሮ ይቦካል። ጭዱ ሲለሰልስና ሽታው ሲለወጥ ያን ጊዜ ደረሰ ይባላል። ያልቦካ ጭቃ በደረቀ ጊዜ እንደ በጋ እርሻ ይሰነጠቃል። ትምህርትም እንዲሁ ነው። ዛሬ አንብቦ ዛሬ የሚናገር ሰው ያልቦካ ጭቃ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለጊዜው ያምራል፣ ፀሐይ ሲመታው ግን ይረግፋል።

የመጀመሪያው ምርጊት ካለቀ በኋላ አያ «ይህ ግድግዳ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይፈተን፤ መሰንጠቁን ይጨርስና በእበት እንለስነዋለን» አሉ። ስለዚህ ቤቷ ሳትለሰን 2014 ዓ.ም. ገባ፤ ጦርነቱም ደረሰብን።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፤ ከተሞቹ ነጻ የሆኑት በኅዳር ወር ማብቂያ ነው። ያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ ለመጻፍ አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም። ቤቷን የሚመለከተውን ብቻ ልናገር። በጥቅምት ማብቂያ አንድ ሌሊት እናቶች ሕፃናት አዝለው ከከተማው ወደ ተራራው ወጡ። አንዳንዶቹ የዘመድ ቤት የሚፈልጉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን ወዴት እንደሚሄዱ የማያውቁ ነበሩ። እኅቴ ፋኖስ ይዛ ከበሩ ቆመችና «ግቡ፤ ቤት አለ» አለቻቸው። በእኅቴ ቤት የቻለው ገባ፤ በሃያ ካሬ ሜትር ጎጆዬ ውስጥ 17 ሰዎች አደሩ። በዚያ መሬት ላይ ጭድ ተጐዝጕዞ ከአንድ ወር በላይ ኖሩ። ማሽላውን ፈጭተን ቂጣ ጋገርን፤ ሲጐድል ቈላነው። እኔ ከበሩ ውጭ በወይራው ሥር ጋቢዬን ለብሼ ሌሊቱን እጠብቅ ነበር።

ቤቷን ስጀምር ያሰብኋት ለአንድ አልጋ፣ ለአንድ ጠረጴዛና ለጥቂት መጻሕፍት ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ግድግዳው የሰማው የሕፃናት ለቅሶና በሁለት ሃይማኖት የሚደረገውን አንድ ዓይነት ጸሎት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከእንግዶቹ አንዲት ሴት ግድግዳውን በእጅዋ እያሻሸች «አባባ፣ ይህ ሳይለሰን ለምን ቀረ?» አለችኝ። ምክንያቱን ነገርኋት። «እንግዲያው እኛ ሥራ ፈትተን ከምንቀመጥ እንለስነው» አለች። እኅቴ እበት አስለቀመች፤ ሴቶቹ ዐመድና የነጠረ አፈር ደባልቀው ግድግዳውን ከውስጥ ከላይ እስከ ታች ለሰኑት። በዚያ ፍርሃት በነገሠበት ጊዜ እጃቸው ሥራ ስለ ያዘ ሲሣቁም ሰማኋቸው። መዝገቡን አወጣሁና የ11 ሴቶች ስም ጨመርሁበት። አርባ ሰባቱ ሃምሳ ስምንት ሆኑ።

ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ታላቅ የግብር አዳራሽ አለ፤ ስሙ አይጠየፍ ይባላል። ንጉሥ ሚካኤል የወሎ ገዥ ሆነው በከተማዪቱ ብዙ ነገር አሠርተዋል፤ ሕዝቡ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠራው ይህን ስም ነው። የስሙም ትርጓሜ ግልጽ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ ሀብታሙንም ድኻውንም ሳይጠየፍ የሚቀበል ቤት ማለት ነው። እንግዲህ ቤት የሚከብረው በስፋቱ ሳይሆን በበሩ ከሆነ፣ አምስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች የጭቃ ጎጆም አይጠየፍ ልትሆን ትችላለች።

አያ ከዚህ በኋላ ብዙ አልቈዩም፤ በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ። ቅሬው ቀበራቸው፤ እኔም ከመቃብሩ ቈፋሪዎች አንዱ ነበርሁ። እርሳቸው ያስተማሩኝን ዶማ አያያዝ ለእርሳቸው መቃብር ተጠቀምሁበት። ይህ በመዝገብ የማይጻፍ ሂሳብ ነው።

አሁን ዕድሜዬ ሰባ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው። የጭቃ ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ክረምት በወጣ ቍጥር የታጠበው ይመረጋል፤ ምስጥ የነካው ማገር ይለወጣል። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጕድለት ይቈጥረዋል። እኔ ግን እንደ በረከት አየዋለሁ፤ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚጠራኝ ሥራ አለኝና። የሠፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጭቃ ሊረግጡ ይመጣሉ፤ እኔም ቱምቢ እንዴት እንደሚንጠለጠል አሳያቸዋለሁ። ቤቷ የእኔ ብትባልም መሬቱ የእኅቴ ይዞታ ነው፤ እኔ ባለፍሁ ጊዜም ለእርስዋ ልጆች ትቀራለች። እነርሱም በተራቸው ከጕቶው የሚያቈጠቍጠውን ባሕር ዛፍ ይቈርጣሉ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ምክሬ አጭር ነው። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን የመናቅ ክፉ ልማድ ነበረ፤ አፄ ምኒልክም ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ምላስን ይከለክል ይሆናል፤ ንቀት ከልብ የሚወጣው ግን እጅ ሥራውን ሲቀምሰው ነው። ስለዚህ ትምህርትህን እየተማርህ ሳለ አንድ የእጅ ሥራ ያዝ። መጥረቢያ መሳል፣ ድንጋይ መደርደር፣ ጭቃ ማቡካት እወቅ። ዲፕሎማህ መሥሪያ ቤት ያስገባሃል፤ ከመሥሪያ ቤት በወጣህ ቀን ግን የሚቀበልህ እጅህ ነው።

ደግሞ ዛሬ ዛፍ ትከል። መሬቱ የማን ነው እያልህ አትከራከር፤ ጥላው ለማን እንደሚሆን አንተ አታውቅምና። ጎጆ በምትቀልስበት ጊዜም በሩን ስትለካ አንተን ብቻ በሚያስገባ ልክ አትለካው፤ በጨለማ ሕፃን አዝላ የምትመጣ እናት ሳትጐነበስ እንድትገባበት አድርገህ ከፍ አድርገው።